ከዋቱ በፊት ስፒከሩ፦ ስለ ቤዝ ጊታር አምፕሊፋየርና የስፒከር ሳጥን አመራረጥና አዘገጃጀት

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው አምፕሊፋየር ሊገዛ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። አምራቾችም ይህን ስለሚያውቁ የዋቱን ቁጥር አጉልተው ይጽፉታል። እኔ ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ይህ ጥያቄ መነሣት ያለበት ከብዙ ሌሎች ጥያቄዎች በኋላ መሆኑን ለማስረዳት ነው። አየሩን ገፍቶ ድምፁን ለሰሚው የሚያደርሰው ስፒከሩ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ጉልበት ያቀብለዋል እንጂ ስፒከሩ ያልተፈጠረበትን ነገር ሊያሠራው አይችልም። ስለዚህ ምርጫው ከስፒከሩና ከሳጥኑ ቢጀምር፣ ከዚያ ወደ አምፕሊፋየሩ ቢያልፍ፣ በመጨረሻም ዕቃው የሚቆምበት ቦታና የአዝራሮቹ አያያዝ ቢታሰብበት፣ ገንዘብም ጉልበትም ይቆጠባል ብዬ አምናለሁ።

መነሻችን የድምፁ ጠባይ ነው። ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር በተለመደው ቅኝት ወፍራሙ ክሩ ሳይያዝ ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል (41 ኸርዝ) ይርገበገባል፤ የባለ አምስት ክሩ ወፍራም ክር ደግሞ ወደ 31 ኸርዝ ይወርዳል። የ41 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ በአየር ውስጥ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል። እኩል ጉልህነት ያለው ድምፅ ለማውጣት፣ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ በወፈረ ቁጥር (የኸርዙ ቁጥር በግማሽ ሲቀንስ ማለት ነው) የስፒከሩ ኮን፣ አየሩን የሚገፋው ሾጣጣ ክፍል፣ አራት እጥፍ ርቀት መመላለስ አለበት። በዝግ ሳጥን ውስጥ ያለ ኮን 82 ኸርዝን ለማሰማት አንድ ሚሊ ሜትር መሄድ ቢበቃው፣ 41 ኸርዝን በዚያው ጉልህነት ለማሰማት አራት ሚሊ ሜትር መሄድ ይጠበቅበታል። የቤዝ ድምፅ ማጉያ ትልቅ፣ ከባድና ውድ የሆነበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምናገረው ነገር ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ ወደዚህ ይመለሳል።

ከዚህ ጋር አብሮ መታወቅ ያለበት ሌላ እውነት አለ። ወፍራሙ ክር ሲመታ 41 ኸርዝ ብቻውን አይሰማም፤ 82፣ 123፣ 165 እያሉ ወደ ላይ የሚሄዱ ተከታይ ድምፆች አብረውት ይወጣሉ፤ ብዙ ጊዜም ከመነሻው ድምፅ ይልቅ የሚጎሉት እነርሱ ናቸው። የሰው ጆሮና አእምሮ እነዚህን ተከታዮች ሲሰሙ የጎደለውን መነሻ ራሳቸው ይሞሉታል፤ በትንሽ ሬዲዮ እንኳ የቤዙን ዜማ መከተል የምንችለው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ 41 ኸርዝን ከነሙሉ ጉልበቱ የሚያወጣ ሳጥን ካላገኘሁ የሚል ተጫዋች፣ አድማጩ በአብዛኛው በዚያ በኩል ለማይሰማው ነገር ብዙ እየከፈለ ነው።

ለዚህ ታሪክ ራሱ ምስክር ይሆናል። የፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ እ.ኤ.አ. በ1951 ገበያ ላይ ሲወጣ፣ እንደዚያ ያለ ወፍራም ድምፅን በአግባቡ የሚችል ማጉያ እምብዛም ስላልነበረ፣ በማግስቱ ዓመት በ1952 ያው ኩባንያ አንድ 15 ኢንች ስፒከር ያለውን ቤዝማን የተባለ ማጉያ አስከተለ። በ1960 አምፔግ የተባለው ኩባንያ ፖርታፍሌክስ የተባለውን ቢ-15ን አወጣ፤ ለስቱዲዮ የሚስማማው ለስላሳ ድምፁ እስከ ዛሬ ይፈለጋል። መድረኮች እየሰፉ፣ የጊታር ማጉያዎችም እየጮኹ ሲሄዱ፣ አምፔግ በ1969 ባለ 300 ዋቱን የቲዩብ (በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ) አምፕ ኤስ-ቪ-ቲን ስምንት ስምንት 10 ኢንች ስፒከሮች ከያዙ ዝግ ሳጥኖች ጋር አቀረበ። ያ የስምንት ስፒከር ሳጥን በሮክ ሙዚቃ መድረክ ላይ የቤዝ ድምፅ መለኪያ እስከ መሆን ደርሷል። ልብ በሉ፤ ይህ ሳጥን ከ60 ኸርዝ ግድም በታች እየደከመ የሚሄድ ነው። ግዙፍ ያሰኘው ጥልቀቱ አይደለም፤ ከዚያ በላይ ያለውን ድምፅ ሳይጨነቅና ሳይዛባ በከፍተኛ ጉልህነት መስጠቱ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ሳጥን ስንመርጥ የሚገዛን አንድ ሕግ አለ፤ የስፒከር መሐንዲሶች የሆፍማን የብረት ሕግ ይሉታል። ጆሴፍ አንቶን ሆፍማን ኬ-ኤል-ኤች የተባለው የስፒከር ኩባንያ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ሕጉ እንዲህ ነው፦ የሳጥን ትንሽነት፣ የድምፅ ጥልቀትና በትንሽ ጉልበት ብዙ መጮህ፤ ከእነዚህ ከሦስቱ ሁለቱን መምረጥ ይቻላል፣ ሦስቱም በአንድ ላይ ግን አይገኙም። ትንሽ ሆኖ ጥልቅ ድምፅ የሚሰጥ ሳጥን ብዙ ዋት ይበላል። ትንሽ ሆኖ በጥቂት ዋት የሚጮህ ሳጥን ወፍራሙን ድምፅ ይሠዋል። ሁለቱንም የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ ለመሸከም ሁለት ሰው የሚፈልግ ትልቅ ሳጥን ይሆናል። በኋላ አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲየል እ.ኤ.አ. በ1961፣ ቀጥሎም ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ አንድ ስፒከር በምን ዓይነት ሳጥን ውስጥ እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ በስሌት ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ አሳዩ፤ የዛሬ ሳጥኖች የሚነደፉት በእነርሱ ቀመር ነው። ቀመሩ ሳጥኖችን አሻሻለ፤ የሆፍማንን ሕግ ግን አልሻረም። ስለዚህ አንድ ማስታወቂያ ትንሽ፣ ቀላል፣ ጥልቅና ኃይለኛ የሆነ ሳጥን እንዳለው ቢነግራችሁ፣ ከአራቱ የትኛው እንደ ተጋነነ ፈልጉ።

ሳጥኖች በሁለት ዋና ዓይነት ይከፈላሉ፤ ዝግ የሆኑና የድምፅ ቀዳዳ ያላቸው። ባለ ቀዳዳው የሚሠራው የጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፋ ድምፅ በሚሰጥበት መንገድ ነው፤ በሳጥኑና በቀዳዳው ውስጥ ያለው አየር የራሱ ቅኝት ስላለው፣ በዚያ ቅኝት አካባቢ ለኮኑ ያግዘዋል፣ የኮኑም እንቅስቃሴ ይቀንሳል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ከቅኝቱ በታች ያለ ድምፅ ሲመጣ ኮኑን ደግፎ የሚይዘው አየር ስለሌለ፣ ኮኑ እንደ ልቡ ይወራጫል። የዝግ ሳጥን ድምፅ ወደ ታች ሲወርድ በአንድ ኦክታቭ 12 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ጉልህነት መለኪያ ነው) እየቀነሰ ቀስ ብሎ ሲሄድ፣ የባለ ቀዳዳው በ24 ዴሲቤል ቁልቁል ይወድቃል። የባለ አምስት ክር ተጫዋቾች ይህን በተለይ ማስታወስ አለባችሁ። ቅኝቱ 45 ኸርዝ ላይ የሆነ ሳጥን የ31 ኸርዙን ክር ስትመቱበት፣ ከመነሻው ድምፅ የምታተርፉት ጥቂት ሆኖ ሳለ ኮኑ ግን ከልኩ አልፎ ይሄዳል። በ30 እና በ40 ኸርዝ መካከል የሚጀምር የወፍራም ድምፅ ማገጃ ፊልተር ያለው አምፕ፣ ወይም ለብቻው የሚገዛ እንደዚያ ያለ መሣሪያ፣ ለስፒከር ዕድሜ ከሚደረግ ወጪ ሁሉ የሚበልጥ ነው ብዬ ደፍሬ እናገራለሁ።

አሁን ወደ ስፒከሩ ስፋት ልለፍ፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ አባባል ሥር ሰድዷል። «15 ኢንች ለወፍራም፣ 10 ኢንች ለቀጭን» ይባላል። የአንድ 15 ኢንች ኮን ስፋት 850 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ የአንድ 10 ኢንች ኮን ደግሞ 350 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አራት 10 ኢንች ስፒከሮች አንድ ላይ 1,400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ይህም ከአንዱ 15 ኢንች በብዙ ይበልጣል። የሚገፋው አየር የኮኑ ስፋትና የሚመላለስበት ርቀት ብዜት ስለሆነ፣ የትኛው ሳጥን ወደ ጥልቁ እንደሚወርድ የሚወስነው የስፒከሩና የሳጥኑ ንድፍ እንጂ የኢንቹ ቁጥር ብቻ አይደለም። ትልቅ ኮን አንድ ጠባይ አለው፤ ቀጭኑን ድምፅ ወደ ጎን አይበትንም፤ ስለዚህ ከሳጥኑ ጎን የቆመ ሰው ድምፁ የታፈነ ይመስለዋል። የ15 ኢንች ድምፅ ወፍራም መስሎ የሚሰማው ከፊሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ የተሳሳተ አባባል አራት 10 ኢንች ያለውን ሳጥን ከአንድ 15 ኢንች ሳጥን ጋር ማጣመርን ልማድ አደረገው። ነገሩን በቁጥር እንየው። ሁለቱም ሳጥኖች 8 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ቢሆኑና አምፑ በ4 ኦም 400 ዋት ቢሰጥ፣ እያንዳንዱ ሳጥን 200 ዋት ይደርሰዋል። በላይኛው ሳጥን ውስጥ 200 ዋቱ ለአራት ስለሚከፈል አንዱ 10 ኢንች የሚሸከመው 50 ዋት ነው፤ በታችኛው ግን 15 ኢንቹ 200 ዋቱን ለብቻው ይሸከማል። ላይኛው ገና ሳይሞቀው ታችኛው ይጨነቃል። ከዚያም በላይ የሁለቱ ሳጥኖች ስፒከሮች በተለያየ ቦታ ላይ አንዱ ሲገፋ ሌላው ሊስብ ስለሚችል፣ አንዳንዱ ኖታ ይጠፋል፣ አንዳንዱም ከልክ በላይ ያብጣል፤ ይህን አስቀድሞ መገመት ደግሞ ከባድ ነው። እንደ እኔ ከሆነ ሁለት ሳጥን የሚፈልግ ሰው ሁለት አንድ ዓይነት ሳጥኖችን ይግዛ። ሁለት ተመሳሳይ ባለ ሁለት 10 ኢንች ወይም ባለ አንድ 12 ኢንች ሳጥኖች ያሉት ተጫዋች ለትንሽ ቦታ አንዱን፣ ለሰፊው ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል፤ ድምፁም አይለወጥበትም።

ዋት ያገኘው ክብር የተጋነነ መሆኑን የሚያሳየው የዴሲቤል ስሌት ነው። ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም የሚታወቅ ግን መጠነኛ ልዩነት ነው። ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» የሚለው 10 ዴሲቤል ያህል ሲጨምር ነው፤ ለዚህም ዋቱ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። እንግዲህ ከ300 ዋት አምፕ ወደ 500 ዋት የሚሸጋገር ሰው የሚያገኘው ከ3 ዴሲቤል ያነሰ ነው። በሌላ በኩል፣ በአንድ ዋት በአንድ ሜትር ርቀት 100 ዴሲቤል የሚሰጥ ሳጥን ከ100 ዋት አምፕ ጋር፣ 94 ዴሲቤል ከሚሰጥ ሳጥንና ከ400 ዋት አምፕ ጋር እኩል ይጮሃል። ሁለተኛ ተመሳሳይ ሳጥን መጨመር ደግሞ፣ አምፑ ለዝቅተኛው ኦም የተዘጋጀ ከሆነ፣ ወደ 6 ዴሲቤል ሊያስገኝ ይችላል፤ ገሚሱ ከኮኑ ስፋት፣ ገሚሱ ከአምፑ ተጨማሪ ጉልበት ይመጣል። ድምፅ አነሰኝ የሚል ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አዲስ አምፕ ሳይሆን ሌላ ሳጥን ነው።

በሳጥኑ ጀርባ የተጻፈውም የዋት ቁጥር በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ያ ቁጥር የስፒከሩ ጥቅል ሽቦ ሳይቃጠል የሚችለውን ሙቀት ያመለክታል፤ ኮኑ ከልኩ ሳያልፍ የሚችለውን እንቅስቃሴ ግን አያመለክትም። 400 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ሳጥን በወፍራሙ ድምፅ ላይ ከግማሹ ባነሰ ዋት የእንቅስቃሴው ዳር ሊደርስ ይችላል። ዳር ሲደርስ ያስታውቃል፤ ድምፁ መቆራረጥና መንኳኳት ይጀምራል። ይህን ስትሰሙ የመጀመሪያው ሥራችሁ ቮልዩሙን ወይም የቤዙን አዝራር መቀነስ ነው፤ የሰማችሁት ስፒከሩ የሚያሰማው አቤቱታ ነውና።

ስለ ኦም የምለው አጭር ነው፤ ነገር ግን ስሕተቱ ዕቃ ያቃጥላል። ሁለት 8 ኦም ሳጥኖች በገመድ ጎን ለጎን (በፓራለል) ሲገናኙ 4 ኦም፣ ሁለት 4 ኦም ሲገናኙ 2 ኦም ይሆናሉ፤ አንድ 8 እና አንድ 4 ቢገናኙ ደግሞ 2.7 ኦም ግድም ይመጣል፣ ጉልበቱም ሁለት ሦስተኛው ወደ 4 ኦሙ ይሄዳል። በትራንዚስተር አምፕ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ኦም በታች መውረድ አይገባም። በአንጻሩ ሳጥን ሳይገናኝለት ቢበራ አይጎዳም። የቲዩብ አምፕ ግን ኦሙ ከሳጥኑ ጋር እንዲገጥም የኦም መምረጫው መስተካከል አለበት፤ ሳጥን ሳይገናኝለት ፈጽሞ አይበራም፣ አይመታም፤ የመውጫው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላልና። ከአምፕ ወደ ሳጥን የሚሄደው ገመድም የስፒከር ገመድ መሆን አለበት። የጊታር ገመድ ጫፉ ተመሳሳይ ስለሆነ ይገባል፤ ውስጡ ግን ቀጭን ሽቦ ስለሆነ ይሞቃል፣ ጉልበት ይበላል፣ አምፑንም ሊጎዳ ይችላል። ስፒኮን የሚባለው ተጠምዝዞ የሚቆለፍ መሰኪያ ያላቸውን ዕቃዎች የምመርጠው፣ ይህን መሳሳት ስለማይፈቅዱና በእግር ቢነኩም ስለማይነቀሉ ነው።

አምፕሊፋየሩን በተመለከተ ዘመኑ ትልቅ እፎይታ አምጥቷል። የድሮው ኤስ-ቪ-ቲ ብቻውን ከ35 ኪሎ በላይ፣ ሳጥኑም ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ዛሬ ክላስ ዲ በሚባለው አሠራር 500 ዋት የሚሰጥ አምፕ በ3 ኪሎ ክብደት ውስጥ ይገኛል፣ የኒዮዲሚየም ማግኔት ያላቸው ስፒከሮችም ሳጥኑን አቅልለውታል። ቲዩብ ሲጨነቅ የሚሰጠው የተድበለበለ ድምፅ እውነተኛ ውበት አለው፤ ይህን ለሚወድ ሰው ክብደቱን መሸከሙ ተገቢ ነው። ንጹሕ ድምፅ ለሚፈልግ ግን ክብደት በራሱ ጥራት አይደለም።

ዕቃው ተመርጦ መድረክ ላይ ሲደርስ ግማሹ ሥራ ገና ይቀራል፤ የሚያሳዝነውም ብዙዎቻችን ሳጥኑን ባዶ ቦታ ባገኘንበት አስቀምጠን ወደ አዝራሩ መሮጣችን ነው። ወፍራም ድምፅ ከሳጥኑ ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን በሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። ወደ ኋላ የሄደው ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ከፊተኛው ጋር ይገናኛል። የሳጥኑ ፊት ከግድግዳው አንድ ሜትር ቢርቅ፣ ተመላሹ ድምፅ 86 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጠፋል። 86 ኸርዝ ደግሞ ቀደም ብዬ ካነሣሁት ከ82 ኸርዝ፣ ማለትም ከወፍራሙ ክር ዋና ተከታይ ድምፅ አጠገብ ነው። ተጫዋቹ ቤዙ ሰውነት አጣብኝ ብሎ አዝራሩን ያዞራል፤ የጠፋው ድምፅ ግን በአዝራር አይመለስም፣ ምክንያቱም የተጨመረው ሁሉ በዚያው መንገድ ይጠፋል። ሳጥኑን ወደ ግድግዳው አስጠግታችሁ የሳጥኑ ፊት ከግድግዳው 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ብታደርጉት፣ ያ ጉድለት ወደ 214 ኸርዝ ይሸሻል፤ በዚያ ደረጃ ሳጥኑ ራሱ ድምፁን በአብዛኛው ወደ ፊት ስለሚመራ ጉዳቱ ይቀንሳል። ጥግ ላይ ማስቀመጥ ከዚህም በላይ ወፍራሙን ያጎላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሚፈለገው በላይ ስለሚሆን የቤዙን አዝራር መቀነስ ግድ ይላል።

ሁለት ሳጥኖች ካሏችሁ አንዱን በሌላው ላይ ደርድሯቸው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ መካከለኛውና ቀጭኑ ድምፅ ወደ ጎን መሰራጨቱ ይጠባል፤ ፊት ለፊት የቆመው ይሰማል፣ ጎን ያለው ከበሮ መቺ ግን አይሰማም። ሲደራረቡ ደግሞ የላይኛው ስፒከር ወደ ተጫዋቹ ጆሮ ይቀርባል። ይህ ጉዳይ ትንሽ መስሎ ቢታይም ብዙ ችግር ይፈታል፤ ጉልበቱ ላይ ወደሚጮህ ሳጥን ተጠግቶ የቆመ ሰው መካከለኛውን ድምፅ ስለማይሰማ ያለ ልክ ይጨምራል፣ አድማጩም በዚያ ይሰቃያል። አንድ ሳጥን ብቻ ያለው ሰው ሳጥኑን ወደ ኋላ ዘንበል ቢያደርግ ወይም በመቀመጫ ላይ ቢያስቀምጠው ይጠቀማል። መድረኩ ከሥሩ ክፍት የሆነ የእንጨት ወለል ከሆነ፣ በሳጥኑ ሥር ወፍራም ስፖንጅ ማድረግ የወለሉን ማጓራት ይቀንሳል።

ወደ አዝራሮቹ ስንመጣ ቅደም ተከተሉ ጌይን (ወደ አምፑ የሚገባው ድምፅ መጠን)፣ ከዚያ ቮልዩም፣ ከዚያ ቃናው ነው። በዝግጅቱ ላይ ከምትመቱት ሁሉ በላይ ጠንክራችሁ እየመታችሁ ጌይኑን ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፤ የመጨናነቅ መብራቱ ብልጭ ሲል ትንሽ መልሱት። የኢኩዋላይዘሩን (የቃና ማስተካከያውን) አዝራሮች በሙሉ መካከል ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። በቤት ውስጥ በዝቅተኛ ድምፅ ያስተካከላችሁትን ቃና ወደ መድረክ አታምጡት፤ ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ላይ ወፍራሙን እምብዛም አይሰማም፣ ድምፁ ሲጎላ ግን ይሰማዋል። ቤት ውስጥ ወፍራሙንና ቀጭኑን ከፍ፣ መካከለኛውን ዝቅ አድርጎ ያማረለት ተጫዋች፣ መድረክ ላይ ከበሮውና ጊታሮቹ ሲነሡ የሚጠፋበት ምክንያት ይኸው ነው። የኖታውን ማንነት የሚሸከመው ከ400 እስከ 800 ኸርዝ ያለው ክፍል ነው፤ አልሰማም ስትሉ መጀመሪያ ከዚያ ጥቂት ጨምሩ። ድምፁ ከደበነና ከተድበሰበሰ ከ200 እስከ 300 ኸርዝ ያለውን በጥቂቱ ቀንሱ። በ40 ኸርዝ 6 ዴሲቤል መጨመር አምፑን በዚያ ድምፅ ላይ አራት እጥፍ ዋት ማስከፈል መሆኑንም አትርሱ፤ ዋት የሚያልቅባቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቅባቸው እዚህ ላይ ነው። ትዊተሩን፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሽ ስፒከር፣ ንጹሕ ድምፅ ስትጫወቱ ተጠቀሙበት፤ የድምፅ ማዛቢያ ፔዳል ስትረግጡ ግን ዝቅ አድርጉት፣ ካልሆነ ጆሮ የሚቧጥጥ ፉጨት ያወጣል።

በመጨረሻ፣ በትልልቅ አዳራሾች ለአድማጭ የሚደርሰው ድምፅ የሚመጣው ከእናንተ ሳጥን ሳይሆን በዲአይ መስመር፣ ማለትም የቤዙን ድምፅ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ በሚወስደው መስመር፣ በኩል ከአዳራሹ ስፒከሮች ነው። መስመሩ ከኢኩዋላይዘራችሁ በፊት እንዲነሣ የሚያደርገውን ማብሪያ መጫን ጥሩ ልማድ ነው፤ ለመድረኩ ስትሉ የምታደርጉት ማስተካከያ የአዳራሹን ድምፅ እንዳይለውጥበት ነው። እምም የሚል የኤሌክትሪክ ድምፅ ከተሰማ የዲአዩን የመሬት መስመር ማላቀቂያ ማብሪያ ሞክሩ፤ የኃይል ገመዱን የመሬት እግር መንቀል ግን ነፍስ ሊያጠፋ ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግም። እንዲህ ባለ ቦታ ሳጥናችሁ የሚያገለግለው እናንተንና ከበሮ መቺውን ብቻ ስለሆነ፣ ሁለታችሁም በግልጽ እስክትሰሙት ድረስ ከፍ አድርጋችሁ እዚያው ተዉት። ከዚያ በላይ የሄደው ወፍራም ድምፅ ወደ ዘፋኙ ማይክሮፎን ይገባል፣ ከመድረኩ ዞሮም ወደ አዳራሹ ይፈስሳል፤ የድምፅ ባለሙያውም ሚክሰሩ ላይ የቤዙን መስመር ሙሉ በሙሉ ቢዘጋው እንኳ ሊያስወግደው አይችልም።